ምሕረት ያገኘው ሽፍታ፤ ስለ አፄ ቴዎድሮስ ሕይወት አንድ አስተያየት

ስለ አፄ ቴዎድሮስ ያልተባለ ነገር የለም ለማለት ይቻላል። ቴአትር ተሠርቶላቸዋል፤ ልብ ወለድ ተደርሶላቸዋል፤ እኛም ተማሪዎች ስለ አንድነት ስንከራከር፥ ስለ ሥልጣኔ ስናወራ፥ ስለ ጀግንነት ስንፎክር ስማቸውን ሳንጠራ አናልፍም። ስለዚህ አንባቢ ይህን ርእስ ሲያይ አሁንም ቴዎድሮስ ብሎ ገጹን ሊያልፈው ይችል ይሆናል። እንዳያልፈው እለምነዋለሁ። የዛሬው ጽሑፌ ስለ ሴባስቶፖል መድፍና ስለ መቅደላ ሽጉጥ አይደለም። ወንጀለኛ የተባለ ሰው በምን መንገድ ወደ ሰላማዊ ኑሮ እንደሚመለስ፥ በምንስ መንገድ ጠፍቶ እንደሚቀር ከእኚህ ሰው ሕይወት የምንማረው ነገር ስላለ፥ በዚያ በኩል ብቻ ታሪካቸውን አንሥቼ ለመናገር ነው።

ነገሩን ከቦታው ልጀምር። ከጎንደር ተነሥተው በጭልጋ በኩል ወደ ምዕራብ ሲወርዱ ደጋው ያልቅና ሙቀቱ ፊት ይመታል። ጓንግና ሽንፋ የሚባሉት ወንዞች ወደ ሱዳን የሚፈሱበት፥ ሽመልና የዕጣን ዛፍ የሚበቅልበት፥ ወባ የማይለየው ቆላ ይኸ ነው። ዛሬ ምዕራብ ጎንደር ዞን ይባላል፤ መተማና ቋራም በዚሁ ውስጥ ናቸው። በክረምት ከደጋ የወረዱ ወጣቶች በዚያ የሰሊጥ ማሳ ሲያርሙ ይውላሉ። ማረም ስንል አረም መንቀል ማለታችን ነው፤ ጥፋተኛን ማቅናትም በቋንቋችን ማረም ይባላል፤ እስር ቤቱንም ማረሚያ ቤት ብለነዋል። ሰሊጥ ያረመ ሁሉ እንደሚያውቀው ግን ማሳ በአንድ ቀን ታርሞ አያልቅም፤ ተመልሶ መግባት ያስፈልጋል። የቸኮለ አራሚም ከአረሙ ጋር ሰሊጡን ይነቅላል።

ካሣ ኃይሉ በዚሁ በቋራ አገር በ1811 ዓ.ም. ገደማ ተወለደ። አባቱ ኃይሉ ወልደ ጊዮርጊስ ከቋራ ባላባቶች ወገን ነበር፤ እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ ወንድበወሰን ትባላለች። አባቱ በልጅነቱ ሞተበት። እናቱም ተቸግራ በጎንደር ከተማ ኮሶ እየሸጠች አሳደገችው ይባላል። ይህ የኮሶ ነገር እውነት ይሁን ወይስ የጠላት ሐሜት ብዙ ያከራክራል። ነገር ግን ሰውዬው ዕድሜውን ሙሉ ሲሰደብበት ስለ ኖረ፥ በልቡ ላይ ያደረሰው ቁስል አያከራክርም።

ልጁ ፊደልና ዳዊት እንዲማር ወደ ገዳም ተሰጠ። በዚያ ዘመነ መሳፍንት በሚባለው ጊዜ ግን ገዳምም ቢሆን መጠጊያ አልነበረም። አንድ ድል የሆነ መኰንን ድል ያደረጉትን ሰዎች ለመበቀል ልጆቻቸው የሚማሩበትን ገዳም ወርሮ ሕፃናቱን ሲፈጅ፥ ካሣ አምልጦ እንደ ወጣ ይተረካል። አንባቢ ይህን ልብ ይበል። ይህ ልጅ በመጀመሪያ ያየው ፍርድ አባት ላጠፋው ልጅ ሲታረድ ነው።

ከዚህ በኋላ ቅርብ ዘመዱ ወደ ሆኑት ወደ ደጃዝማች ክንፉ ዘንድ ሄደ። ደጃዝማች ክንፉ ደንቢያንና ያንን ጠረፍ የሚገዙ፥ በ1829 ዓ.ም. ከሱዳን ወገን የመጣውን የግብፅ ጦር ድል ያደረጉ የታወቁ ጦረኛ ነበሩ። ካሣ ጋሻ መያዝና ፈረስ መጋለብ የተማረው በእሳቸው ቤት ነው። በ1831 ዓ.ም. ገደማ ደጃዝማች ክንፉ ሲሞቱ ግን ቤቱ ፈረሰ። ደንቢያ የራስ ዓሊ እናት ለሆኑት ለእቴጌ መነን ተሰጠች፤ የክንፉ ወገን የሆነ ሁሉ ያለ ርስትና ያለ ጌታ ቀረ። ካሣም ወደ ቋራ በረሓ ወርዶ ሸፈተ። ዕድሜው ያን ጊዜ 20 ዓመት ገደማ ነበር። ወንድሞቼ ሆይ፥ የኛ ዕድሜ ነው።

ሽፍትነት በአገራችን ከተራ ሌብነት የተለየ ስም አለው። ተበድያለሁ፥ ፍርድ አጥቻለሁ ብሎ ጫካ የገባ ሰው ሽፍታ ነው፤ ነገር ግን በጫካ ሲኖር መብላት ስላለበት፥ ያው ተበዳዩ ሰው ሌላውን በዳይ ይሆናል። ከጎንደር በጭልጋ ወደ መተማ፥ ከመተማም ወደ ስናር የሚሄደው መንገድ የነጋዴ መንገድ ነበር። ሰም፥ ቡና፥ ጥጥ፥ በዚያን ጊዜም እንደ ዕቃ የሚሸጥ ባሪያ የሚያልፍበት ነበር። የካሣ ጭፍሮች በዚያ መንገድ ላይ እየጠበቁ ይዘርፉ ነበር። ዛሬ ካሣ በኛ ዘንድ ጀግና ስለሆነ የተዘረፈውን ነጋዴ የሚያስታውስ የለም። ሰውየው ግን በዚያን ጊዜ ሕግ ቢፈረድበት ወንበዴ ነበር። ይህን ሳንሸሽግ ካልተናገርን የቀረው ታሪክ ትርጉም አይኖረውም።

ከሌሎች ሽፍቶች የለየው ምን ነበር? ታሪክ ጸሐፊዎቹ እንደሚሉት የዘረፈውን ለራሱ አላከማቸም፤ ለጭፍሮቹና ለድኻው ባላገር አካፈለ፤ ለባላገሩም ማረሻ የሚገዛበት ገንዘብ ሰጠ። እንግዲህ የወንበዴ አለቃ ሆኖ ሳለ በልቡ የገበሬ አሳብ ነበረው ማለት ነው። ዛሬ ጥፋተኞችን ስለ መምከር የሚያጠኑ ሰዎች በጥፋተኛው ሰው ውስጥ ጥፋቱን ብቻ ሳይሆን የተረፈውን ደግ ነገር ፈልጉ ይላሉ። በቋራ በረሓ ያን ፈልጎ ለሚያይ ሰው ደጉ ነገር አልተሸሸገም ነበር።

በአገራችን ልማድ ሽፍታን በጦር ብቻ አያሳድዱትም፤ ሽማግሌ ይልኩበታል። ሽማግሌዎቹ በረሓ ወርደው፥ ከዘመድ ጋር ተመካክረው፥ በመሐላ አስረው ያስገቡታል። ሽፍታው ገባ ይባላል። የገደለ ከሆነ ድንጋይ ተሸክሞ በሟች ወገን እግር ሥር ይወድቃል፤ ካሣ ይከፈላል፤ ደሙ ይደርቃል። የዚህ ሰው ስሙ ራሱ ካሣ መሆኑ የሚያስገርም ነው። ራስ ዓሊና እቴጌ መነንም በዚሁ መንገድ ካሣን ለማስገባት ፈለጉ። የቋራን ግዛት ሰጡት፤ የራስ ዓሊን ልጅ ወይዘሮ ተዋበችን ዳሩለት። ነገሩን ስናየው በሚገባ የታሰበ ነበር። ሥራ አገኘ፤ ቤት አገኘ፤ ዘመድ አገኘ። ተዋበች እሱን ለመሰለል የተሰጠች ትሆናለች ብለው የሚናገሩ ነበሩ፤ እሷ ግን ባሏን የምትወድና የምትመክር ሚስት ሆነች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስክትሞት ድረስ ቁጣውን የምታበርድለት እሷ ነበረች።

ታዲያ ካሣ ስለ ምን እንደገና ሸፈተ? እኔ ይህን ታሪክ ደጋግሜ ሳየው የማገኘው መልስ አንድ ነው። ሁሉ ነገር ተሰጠው፤ ክብር ግን አልተሰጠውም። በእቴጌ መነን ግቢ የኮሶ ሻጭ ልጅ ይባል ነበር። ይቅርታው በወረቀት ላይ እንደ ተጻፈና በሰው ልብ እንዳልተጻፈ ሆነ። በ1839 ዓ.ም. ካሣ ደንቢያን ወረረ። ደጃዝማች ወንድይራድ የተባለ የእቴጌይቱ መኰንን የኮሶ ሻጯን ልጅ ይዤ አመጣለሁ ብሎ ፎክሮ ዘመተ፤ ድል ሆኖ ተያዘ። ካሣም እናቴ ዛሬ ገበያ ሳይቀናት ስለ ቀረ የተረፈውን ጠጣ ብሎ ኮሶ በግድ አጠጣው እየተባለ ይተረካል። ሰው በዚህ ይሥቃል፤ እኔ ግን ያዝናል እላለሁ። የተዋረደ ሰው ተራው ሲደርስ የሚያደርገው ማዋረድ ነውና።

በዚያው ዓመት ካሣ ጎንደርን ያዘ፤ ሊወጉት የመጡትን እቴጌ መነንንም ማረካቸው። ነገር ግን አልገደላቸውም፤ በእርቅ ለቀቃቸው፤ እሱም የደጃዝማችነት ማዕርግና የደንቢያን ግዛት አገኘ። ሁለተኛው እርቅ ይኸ ነው። በ1840 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ጠረፍ ወርዶ ደባርቂ በተባለው ቦታ ከግብፅ ጦር ጋር ተዋጋ፤ መድፍና ሥርዓት ያለው ወታደር ድል አደረገው፤ እሱም ቆሰለ። ሐኪሙ ለፈውሱ ፍሪዳና ጠጅ ቢጠይቅ፥ ከእቴጌ መነን የመጣው አንድ ብልት ሥጋ ብቻ እንደ ነበረና፥ ተዋበች በባሏ መናቅ እንደ ተቆጣች ይነገራል። ለአንድ ብልት ሥጋ ይህን ያህል ነገር? ብሎ የሚጠይቅ ይኖር ይሆናል። ከእስር ወጥቶ ሥራ ሲጠይቅ በሩ የተዘጋበትን ሰው ይጠይቀው። ነገሩ ከሥጋው አይደለም።

ካሣ ከዚያ በኋላም ከራስ ዓሊ ጋር ታርቆ ጥቂት ዓመታት ቆየ። በመጨረሻ ግን በ1845 ዓ.ም. ደጃዝማች ጎሹን በጉር አምባ፥ ራስ ዓሊን ራሳቸውን በአይሻል ድል አደረገ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤን ደረስጌ ላይ ድል ካደረገ በኋላ፥ በየካቲት 5 ቀን በደረስጌ ማርያም ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። የቋራው ሽፍታ ንጉሠ ነገሥት ሆነ። እኔም ከዚህ በኋላ አንተ የምለው ሰው አይደሉምና እንደሚገባው እሳቸው እላለሁ።

እንግዲህ የጽሑፌ ዋና ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። ራሳቸው ሽፍታ የነበሩት ንጉሥ ሽፍቶችን ምን አደረጉ?

አፄ ቴዎድሮስ እንደ ነገሡ ያወጁት ዐዋጅ ታላቅ ዐዋጅ ነበር። ሁሉ ወደ አባቱ ሥራ ይመለስ፤ ነጋዴው ወደ ንግዱ፥ ገበሬው ወደ እርሻው ይሂድ የሚል ነበር። በመንገድ ላይ መዝረፍ ቀረ። የመሣፍንቱ ጦርነት አገሩን ሁሉ ወንበዴ አድርጎት ስለ ነበር፥ ይህ ዐዋጅ ወንጀለኛን ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ሥራው የሚጠራ ነበር። ሌላ ንጉሥ ቢሆን ይቀጣል የሚል ዐዋጅ ብቻ ያወጣ ነበር። እሳቸው ግን መመለሻውን መንገድ አብረው አመለከቱ፤ ምክንያቱም መንገዱን ያውቁት ነበር።

ከዚህ ዐዋጅ ጋር የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። ጢስባ የሚባል አገር ሰዎች መሣሪያቸውን ይዘው ወደ ንጉሡ መጡ። ዐዋጁን ሰምተናል፥ እኛም ከንጉሥ ዳዊት ጀምሮ የተፈቀደልንን የአባቶቻችንን ሥራ ያጽኑልን ሲሉ አመለከቱ። ንጉሡ ሥራችሁ ምንድን ነው? ብለው ቢጠይቁ መንገድ ላይ መዝረፍ ነው አሏቸው። ንጉሡ በመጀመሪያ አልተቆጡም። ይህ ሥራ አደጋ ያለበት መሆኑን፥ እርሻ የሚሻል መሆኑን ነገሯቸው፤ ላምጌ ወደሚባለው ሜዳ ወርደው ቢያርሱ በሬና ማረሻ እንደሚሰጧቸውም ተስፋ ሰጧቸው። ሰዎቹ እምቢ አሉ። ንጉሡም እንግዲያስ እንደ ፈለጋችሁ ብለው አሰናበቷቸው። ደስ ብሏቸው ሲመለሱ ግን ፈረሰኛ ተላከባቸው፤ ዳዊት መዝረፍን ከፈቀደላችሁ ላሊበላ ደግሞ ቀማኛን መግደል ፈቅዶልናል ተብለው አለቁ ይባላል።

ይህን ታሪክ ስንሰማ ብልሃቱ ያስደስተናል። እኔም መጀመሪያ ስሰማው ሥቄአለሁ። በኋላ ግን አንድ አሳብ መጣብኝ። ካሣ ኃይሉ ከሸፈተበት ቀን እስከ ነገሠበት ቀን 15 ዓመት ያህል አለ። በዚያ ዘመን ውስጥ ደጋግሞ ታርቋል፤ ደጋግሞም ፈርሶበታል። ግዛት ተሰጥቶት ነበር፤ ሚስት ተሰጥታው ነበር፤ ሽማግሌ ተልኮበት ነበር። የጢስባ ሰዎች ግን የተሰጣቸው አንድ ቀን ነው። በሬውና ማረሻው መልካም ስጦታ ነበር፤ ይሁን እንጂ አንድ ጊዜ እምቢ ቢሉ ሁለተኛ የሚጠይቃቸው ሰው አላገኙም። አፄ ቴዎድሮስ ለሌሎች የነፈጉት ምሕረትን አይደለም፤ ምሕረትስ አቅርበው ነበር። የነፈጉት ለራሳቸው የተሰጣቸውን ጊዜ ነው።

ያን ዘመን ከሌላው ዓለም ጋር ብናስተያየው የሚያስገርም ነገር እናገኛለን። ካሣ በቋራ በረሓ በነበረበት በ1833 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በቦስተን ከተማ ጆን አውግስጦስ የሚባል አንድ ጫማ ሠሪ ፍርድ ቤት ገብቶ ሳለ፥ በስካር ተከሶ የቀረበ ሰው አየ። ዋስ ልሁነው ብሎ ለመነ። ዳኛው ሰውየው ከሦስት ሳምንት በኋላ እንዲቀርብ ፈቀደ። ጫማ ሠሪው ወስዶ መከረው፤ ሥራ ፈለገለት፤ ሰውየው በቀጠሮው ቀን ሰው ሆኖ ቀረበ። ጫማ ሠሪው በ1851 ዓ.ም. እስኪሞት ድረስ ወደ 2,000 ለሚጠጉ ሰዎች እንደዚሁ ዋስ ሆነ። ዛሬ በብዙ አገር ያለው ጥፋተኛን ከእስር ውጭ እየጠበቁና እየመከሩ የማረም ሥራ ከዚህ ሰው የተጀመረ ነው ይባላል። ሠራዊት አልነበረውም፤ መድፍ አልነበረውም። የነበረው ሦስት ሳምንት ነው። ዋስ መሆንና ቀጠሮ መስጠት ደግሞ ለኢትዮጵያ እንግዳ ነገር አይደለም፤ እኛ ከጥንት ጀምሮ በዋስና በሽማግሌ የምንኖር ሕዝብ ነን።

ወደ ታሪካችን እንመለስ። በነሐሴ 1850 ዓ.ም. እቴጌ ተዋበች ሞቱ። በ1852 ዓ.ም. ወዳጃቸው የእንግሊዝ ቆንስል ፕላውደን በሽፍታ እጅ ቆስሎ ሞተ፤ በ1853 ዓ.ም. መጀመሪያም ሊቀ መኳስ ዮሐንስ የተባለው እንግሊዛዊው ቤል እሳቸውን ሲከላከል ወደቀ። ያንን ሽፍታ የመራው ጋረድ የራሳቸው ዘመድ፥ የክንፉ ወገን ነበር። ሸፍቶ የተነሣው ካሣ ራሱ ባደገበት ቤት ልጅ ነው። ንጉሡ በእሱና በተከታዮቹ ላይ ያደረጉት በቀል እጅግ የከፋ ሆነ፤ የተማረኩት እጅ እግራቸው ተቆረጠ። ከዚህ በኋላ ታሪካቸውን የሚያነብ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ምክር እየራቀ ሲሄድ ቅጣት እየቀረበ መጣ። የሚመክር ሰው ለወንጀለኛ ብቻ አያስፈልግም፤ ለሚቀጣውም ያስፈልጋል።

እስር ቤትን በቀድሞ ቋንቋችን ወህኒ እንለው ነበር። ቃሉ የጎንደር ነገሥታት የንጉሥ ልጆችን ያስሩበት ከነበረው ከወህኒ አምባ የመጣ ነው። በወህኒ አምባ የሚታሰር ሰው እንዲታረም ሳይሆን እንዲረሳ ነበር የሚታሰረው። የአፄ ቴዎድሮስ መቅደላም እንደዚሁ ሆነች። መኳንንትና ተራ ሰው፥ ያጠፋና ያላጠፋ በአንድ አምባ በሰንሰለት ተቀመጠ፤ በኋላም አውሮፓውያን ተጨመሩ።

ከዚህ ሁሉ መካከል ግን አንድ ሌላ ዓይነት እስረኛ ነበረ። ምኒልክ ኃይለ መለኮት በ1848 ዓ.ም. ከሸዋ በልጅነቱ ተማርኮ ሲመጣ፥ ንጉሡ እንደ ልጃቸው አሳደጉት፤ አስተማሩት፤ ማዕርግ ሰጡት፤ ልጃቸውን አልጣሽን ዳሩለት። በሰኔ 1857 ዓ.ም. አምልጦ ሄደ። ታዲያ ቸርነቱ ከንቱ ቀረ እንበልን? እኔ አይመስለኝም። ያ ልጅ በኋላ ትልቅ ንጉሥ ሲሆን፥ በአድዋ ሲሠለፍም ሆነ ለሥልጣኔ ሲተጋ፥ የመቅደላ ትምህርት አብሮት ነበር። በዚያ አምባ ላይ ከታሰሩት ሁሉ ለአገር ፍሬ ሆኖ የወጣው እንደ ሰው የተያዘው ነው።

አንድ ጓደኛዬ ይህን ጽሑፍ በረቂቁ አይቶ ተቃወመኝ። ዙሪያውን ጠላት ለከበበው ንጉሥ ሦስት ሳምንት የሚሰጠው ማነው? በአንዱ አውራጃ ሽፍታ ሲመክሩ በሌላው አሥር ይነሣል አለኝ። እውነቱን ነው። ንጉሡ ብቻቸውን ነበሩ። ወታደሩ ባላገሩን እንዳይዘርፍ ደመወዝ ሊቆርጡለት ሞከሩ፤ ገንዘቡ ግን ከየት ይምጣ? መንገድ ሲያሠሩ ድንጋይ በእጃቸው እያነሡ ሕዝቡን በሥራ ሊያስተምሩ ሞከሩ። ነገር ግን ቅጣቱ ጊዜ አተረፈላቸውን? ብዬ ጓደኛዬን ጠየቅሁት። እጅ በተቆረጠ ቁጥር የተቆረጠበት ሰው ወንድም ሸፈተ። በ1859 ዓ.ም. ጎንደር ስትቃጠል፥ የተቃጠለው ቤት ልጅ ሁሉ ወደ ጫካ ገባ። በመጨረሻ ካገራቸው ሰፊ ግዛት የቀራቸው የቆሙበት ሰፈርና አንድ አምባ ሆነ። ጊዜ የለኝም ብሎ የቸኮለ ሰው ከአረሙ ጋር ሰሊጡን ነቀለ።

በሚያዝያ 2 ቀን 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር በቀረበበት ቀን፥ አፄ ቴዎድሮስ ከእስረኞቹ ብዙዎቹን መፍታት ጀመሩ። ሴቶችና ሕፃናት ተፈቱ። የቀሩት ተርበውና ተጠምተው ስለ ነበር ጩኸት አነሡ። ንጉሡም በጩኸቱ ተቆጥተው ወደ ገደል አስጣሏቸው። ምሕረት ጧት ተጀምሮ ማታ በሞት ተፈጸመ። የጢስባ ታሪክ ነው የተደገመው፤ የቀረበው ምሕረት እስኪመሽ መታገሥ አቃተው። ያን ሌሊት በጸሎትና በጸጸት እንዳሳለፉ በቦታው የነበሩ ጽፈዋል። በማግሥቱ በአሮጌ ጦራቸው ድል ሆነ። ከዚያ በኋላ ለእንግሊዙ የጦር አለቃ ባስጻፉት ደብዳቤ፥ ወገኖቼ ግብር ገብሩ፥ በሥርዓትም እደሩ ብላቸው እምቢ አሉኝ የሚል ሐዘን አለበት። አውሮፓውያኑን እስረኞች በደኅና ለቀቁ። በሚያዝያ 6 ቀንም እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ገደሉ።

ዕድሜያቸው 50 ዓመት ያህል ነበር። በቋራ በረሓ ከጠፋ ሰው ተነሥተው ለአገር አንድነት የሠሩትን ማንም ሊፍቀው አይችልም፤ እኔም ስማቸውን ለማሳነስ አልጻፍሁም። እንዲያውም የሕይወታቸው የመጀመሪያ ክፍል ለጥፋተኛ ሰው ከሚሰጥ ስብከት ሁሉ ይበልጣል። ሽፍታ ንጉሥ ሊሆን ከቻለ፥ ዛሬ ሌባ የተባለ ልጅ መምህር ወይም አናጢ መሆን አይችልም የሚል ማነው? የሁለተኛው ክፍል ትምህርት ግን ለጥፋተኛው አይደለም፤ ለኛ ነው።

ዛሬ ሕጋችን ከመቅደላ ርቋል። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፥ በኋላም በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ፥ ዓላማቸው መቅጣት ብቻ ሳይሆን ጥፋተኛው እንዲታረም ጭምር መሆኑን ያመለክታሉ። ዘጠኝ ዓመት ያልሞላው ልጅ በወንጀል አይጠየቅም፤ ከዚያ እስከ 15 ዓመት ያለው እንደ ትልቅ ሰው አይቀጣም፤ ጠባዩ የሚታረምበት ልዩ እርምጃ ይወሰድለታል። ጠባዩን ያሳመረ እስረኛም ከቅጣቱ ከሦስት ሁለቱን እጅ ሲፈጽም በአመክሮ ሊፈታ ይችላል። አመክሮ መፈተኛ ጊዜ ማለት ነው። ይኸውም የጢስባ ሰዎች ያጡት ነገር ነው።

ይሁን እንጂ ሕጉ በሩን ይከፍታል እንጂ ከበሩ ውጭ ቆሞ የሚቀበል ሰው አይሆንም። መተማ የጠረፍ ከተማ ናት፤ በየዓመቱ በክረምትና በመከር ከየአውራጃው ወጣት ይጎርፍባታል። ለሰሊጥ መጥቶ ደመወዙን የተቀማ፥ በኮንትሮባንድ ወይም በጠብ ተይዞ የታሰረ፥ ጊዜውን ጨርሶ ሲወጣ ባዶ እጁን ወደ ቤተ ሰቡ ለመመለስ የሚያፍር ልጅ በእንዲህ ያለ አገር አይጠፋም። ያን ልጅ ማን ያናግረዋል? የታሰረበትን ስም ያዘዋል ወይስ የተወለደበትን ስም? እቴጌ መነን ለካሣ ግዛት ሰጥተውት ነበር፤ ነገር ግን በግቢያቸው የኮሶ ሻጭ ልጅ መባሉ አልቀረም። እኛም በየሰፈራችን እስረኛ የነበረው የምንለው ሰው አለ።

ጓደኞቼ ሆይ፥ ከእናንተ መካከል ነገ ዳኛ የሚሆን አለ፤ ፖሊስ የሚሆን አለ፤ አስተማሪ የሚሆን አለ፤ ብዙዎቻችንም አሠሪዎች እንሆናለን። ያን ጊዜ አንድ ጥፋተኛ በፊታችን ሲቆም፥ በሬና ማረሻ የሚሆን ነገር እንሰጠው ይሆናል፤ እሱም በመጀመሪያው ቀን እምቢ ይለን ይሆናል። ያን ጊዜ ፈረሰኛውን ከመላካችን በፊት ለካሣ ስንት ዓመት እንደ ተሰጠው እናስታውስ። እስከዚያው ግን በየአቅራቢያችን ባሉት ማረሚያ ቤቶች ፊደል የሚያስቆጥር፥ መጽሐፍ የሚያደርስ፥ ወይም ጠያቂ የሌለውን እስረኛ ሄዶ የሚጠይቅ ተማሪ አስፈላጊ ነው። ማኅበራችን በዕረፍት ጊዜ ይህን ቢያስብበት መልካም ይመስለኛል። ለመጀመሪያ ጊዜ ስንሄድ ምናልባት የሚያናግረን አናገኝ ይሆናል። ሁለተኛ መሄድ ነው።

በጽሑፌ ውስጥ ስሕተት ያገኘ አንባቢ እንዲያርመኝ እለምናለሁ፤ በትዕግሥት ግን ይሁን።